በጉብታው ላይ የበጋ ጎጆ

ጉብታ እኛ አገር ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው የማወራው ነገር አይገባውምና ከእሱ ልጀምር።

ከወረታ ወደ ጣና በኩል ሲወረድ ፎገራ ነው። ሜዳ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በበጋ ቆመው ቢያዩት ጥቁር አፈር፣ ጓያና ሽምብራ፣ ከዚያ ወዲያ ሣርና ከብት ብቻ ነው። ልጅ እያለን ወፍ ልንመታ ድንጋይ ፈልገን አጥተን ጭቃ እያደረቅን እንወረውር ነበር። በክረምት ደግሞ በደብረ ታቦር በኩል የዘነበውን ሁሉ ርብ ይዞት ይመጣና ሜዳው ውሃ ይሆናል። ያን ጊዜ ለኛ መንደር ከብት መቆሚያ የሚሆን አንድ ከፍ ያለ መሬት አለ። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፣ ማንም የኔ ነው አይልም። ውሃው እስኪጎድል ላሞቹ ከነጥጆቻቸው ተጠጋግተው እዚያ ይቆማሉ፤ እኛ ሣር በታንኳ እያመላለስን እናበላቸዋለን። ጉብታው ባይኖር ጥጃ የሚባል ነገር አይተርፍም።

ሌላም ልማድ አለን። ውሃው ሲሸሽ ሰው ከብቱን ተከትሎ ወደ ሜዳው ይወርድና ጎጆ ይተክላል። የበጋ ጎጆ ነው፣ እንጨትና ሰንበሌጥ። ሰኔ ሲገባ ጎጆውን ይፈታና እንጨቱን ተሸክሞ ይወጣል። እንጨቱ ክረምቱን ከቤት ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ይከርማል፣ ጭስ የጠጣ እንጨት አይነቅዝም። በሜዳው ላይ ቤት ማለት ለኛ ይኸ ነው። ሌላ ዓይነት ቤት አያትም ቅድመ አያትም አላየም።

እኔ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ተምሬ ወደ ወረታ የተመለስኩት ወድጄ አይደለም። አባቴ ይበቃሻል አሉ፣ ባል አዘጋጅተውም ጠበቁኝ። ባሉን አልፈልግም አልኩ። እንግዲህ ቤት ውስጥ የተቀመጠች፣ ያላገባች፣ እንግሊዝኛ የምታውቅ ሴት ልጅ ምን ትሠራለች? እናቴን እጨቀጭቃለሁ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር እጣላለሁ፣ ወደ ገበያ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። መንገድ ሠሪዎቹ የርብን ድልድይ ሊሠሩ መጥተው ካምፕ ሲተክሉና አስተርጓሚ ይፈለጋል ሲባል ማንንም ሳልጠይቅ ሄጄ እኔ እችላለሁ አልኩ። ቀጠሩኝ።

ካምፑ ውስጥ ሾፌሩም መሐንዲሱም ከየአገሩ ነበር፤ ግንበኞቹ ግን አንድ ወገን ነበሩ። ፖርቱጋሎች ለብዙ ዘመን ከገዙት የህንድ ባሕር ዳርቻ የመጡ ናቸው። አገራቸው ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲዛወር ከነሚስቶቻቸው እየተሰደዱ፣ መጀመሪያ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር፣ ከዚያ ወደኛ መጡ። መልካቸው የህንድ ስለሆነ ገበያተኛው ባንያኖቹ ይላቸው ነበር። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በፖርቱጋል ቋንቋ፣ የሚጸልዩትም በሮም ሃይማኖት ነው። ይህ የታወቀ ዕለት ነገር ተበላሸ። በኛ አገር ፖርቱጋል ማለት በድሮ ንጉሥ ዘመን መጥቶ ሃይማኖት አስለውጦ ወንድምን ከወንድም ያጫረሰ ነው። ይህን ከቄስም ከአዝማሪም እየሰማን ነው ያደግነው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ለድልድይ ድንጋይ ቢጠርቡም ሰው ከኋላቸው ሌላ ነገር ይፈልግ ጀመር።

ጥቅምት ሲያልቅ ወባ ገባ። ካምፑን ሁሉ አነደደው። ከግንበኞቹ አንዱ፣ የዋናው ግንበኛ ታናሽ ወንድም፣ በሦስተኛው ትኩሳት ሞተ። ሚስቱ በዕድሜ ከኔ ብዙ አትበልጥም ነበር። ቀጭን፣ ጥቁር ቀሚስ የማይለያት፣ እንግሊዝኛ የምትችል ሴት ናት።

የት ይቀበር? እኔና ዋናው ግንበኛ ወደ ደብራችን ሄድን። የነፍስ አባታችን ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ሰሙን።

"አባ፣ የሞተ ሰው ነው፤ ምን ያጠፋል?" አልኳቸው።

"እኔ ብፈቅድስ ደብሩ ይፈቅዳል? ምን ብዬ ልፍታው? የቆረበበትን አላውቀው።"

"ታዲያ ሜዳ ላይ ይጣል?"

"አንቺ ልጅ፣ ተናገሪ የተባልሽውን ብቻ ተናገሪ።" ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞር ብለው አንገታቸውን ደፉ። "እግዜር ያጥናህ በይው" አሉኝ። አልኩት። እሱ ግን የሰማው መከልከሉን ብቻ ነው።

ያን ዕለት መላ ያመጡት አባቴ ናቸው። አባቴ ከመንደሩ ሽማግሎች አንዱ ናቸው፣ ሰው ሲሞት ዝም ብለው አይቀመጡም። "ጉብታው ላይ ይቅበሩት" አሉ። "ሜዳው ላይ ቢቀብሩት ክረምት ውሃ ያወጣዋል። ሬሳ ለውሃ አይሰጥም።" ጉብታው ላይ ተቀበረ። ከእንጨት የተጠረበ መስቀል አቆሙበት። የኛም ሰዎች ከሩቅ ሆነው አለቀሱ፤ ለቅሶ ለቅሶ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ግንበኛ ከኔ ጋር ሽማግሎቹ ዘንድ ከዋርካው ሥር መጣ። "ከመቃብሩ አጠገብ የጸሎት ቤት ልንተክል እንፈልጋለን፣ ቄሳችንም ከአስመራ መጥቶ ይባርክልናል" አለ። እኔ ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ከአፉ ምን እንደወጣ፣ ከሽማግሎቹ አፍ ምን እንደወጣ ዛሬም ልደግመው እችላለሁ።

አባቴ "ትከሉ እንጂ" አሉ። "ሜዳው ላይ ቤት መትከል ማን ከለከለ? እኛም እንተክላለን።"

"ለናንተ ብቻ ከሆነ" አለ ሌላው ሽማግሌ፣ "የኛን ልጆች እስካልጠራችሁ።"

"ለኛ ብቻ ነው" አለ ግንበኛው።

ተጨባበጡ። ቃል አልጠፋም፣ ማንም ማንንም አላታለለም። እነሱ ቤት ሲሉ ድንጋይ አሰቡ፣ የኛዎቹ ቤት ሲባል ሰኔ የሚፈታ ጎጆ አሰቡ። እኔስ? እኔም የፎገራ ልጅ ነኝ፤ እንጨት የሚያመጡ መሰለኝ።

ጥር ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ወደ ጉብታው ሲያዘግም ሳይ ሮጬ ሄድኩ።

"ይኸ ምንድን ነው?" አልኩት ዋናውን ግንበኛ።

"መሠረት" አለኝ፣ ገመዱን እየወጠረ።

"እዚህ በድንጋይ አይሠራም። ክረምት ከብቱ የሚቆመው እዚህ ነው።"

ሳቀብኝ። ሥራው ነው፣ ይስቃል። ምድሩ በሙቀት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ተረከዙን በስንጥቁ ላይ መታ መታ አደረገ። "ውሃ? እዚህ? እኔ ድልድይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ውሃ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እዚህ ላይ አይደርስም።"

"አይደርስም! ለዚህ እኮ ነው ከብቱ የሚመጣው!"

"ትልቅ መሬት ነው" አለ፣ በእጁ ሜዳውን ሁሉ እያሳየኝ። "ሌላ ቦታ ይቆማል።"

ለአባቴም ሄጄ ነገርኳቸው። እርፍ እያስተካከሉ ነበር። "ድንጋይ?" አሉ።

"ድንጋይ። ከነሲሚንቶው።"

"ኧረ ወዲያ! ለበጋ ብሎ ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው አለ?"

"ለበጋ አይደለም፣ አባባ። ለሁልጊዜ ነው።"

አባቴ እርፉን አስቀመጡ።

መጀመሪያ ግድግዳው ብቻ ነበር፣ ትንሽ፣ አራት ማዕዘን። ይህን ያህል ቦታ አይፈጅም ነበርና ምናልባት ሰው ይችለው ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት ላም ወደ መቃብሩ ወጥታ አፈሩን ረጋገጠችው፣ መስቀሉንም አከከችበትና ጣለችው። ላሟ የኛ ናት፣ የወንድሜ ቦራ። በማግስቱ ጉብታው ዙሪያውን በሽቦ ታጠረ፤ እሾኻማ ሽቦ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ሰው ጉብታው ታጥሮ ሲያይ ይኸ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም። ወንድሜ ስገባ "መጣች የባንያን አፍ" ይለኛል። ስወጣ "ሂጂ፣ ጌቶችሽ ይጠብቁሻል፣ ሽቦ አጥብቂላቸው" ይላል።

"አንተ ምላስህን ከምታረዝም ሄደህ ራስህ ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"እኔ ስነግራቸው በመጥረቢያ ነው የምነግራቸው። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።"

ገበያ ላይ ደግሞ ነገሩ ከላም አልፎ ሃይማኖት ሆነ። ፖርቱጋሎቹ ጉብታውን የያዙት ከብቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ተርቦ ወደ እነሱ ሃይማኖት እንዲገባ ነው ተባለ። ጨው የሚሸጡልን ሙስሊም ነጋዴ እንኳ ሰው የሚለውን ነገሩኝና "እኔ የሰማሁትን ነው፣ እታለም፣ ከኔ እንዳይሆን" አሉ። የነፍስ አባታችን ቤታችን መጥተው ከአባቴ ፊት ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ጠላ አልነኩም።

"ልጄ፣ ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ ይላሉ።"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"ክረምት ሳይገባ ካልተነሣ እኔ የዚህ ቤት የነፍስ አባት ሆኜ ለመቆየት ይቸግረኛል። ሰው ያየኛል። ልጅህም ከዚያ ትውጣ።"

"ልጅቷስ እሺ አትልም" አሉ አባቴ፤ አልዋሹም። "ቃሉንም ላጥፍ ብል እንዴት ነው የማጥፈው? ትከሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ነው ያልኩት።"

አባቴ ያን ሰሞን ወደ ጉብታው ተመላለሱ። በኔ አፍ "ግድግዳው ይቁም፣ ሽቦውን ብቻ ለክረምት ክፈቱልን" ብለው ለመኑ። ዋናው ግንበኛ አሻፈረኝ አለ። "ከብት የወንድሜን መቃብር አይረግጥም። ፈቅዳችኋል። ተጨባብጠናል።" ያለውን ሁሉ ሳላለዝብ ነገርኳቸው። አባቴ ያሉትንም ሳላለዝብ ነገርኩት። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው።

ባሏ የሞተባት ሴትዮ በነዚያ ቀኖች ሁሉ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ትውል ነበር። አንድ ቀን ጠራችኝ።

"አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እኔ ባል የለኝም" አልኳት። "ላሞች ግን አሉን።"

ተቆጣች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። "የአባቴ መቃብር ከባሕሩ ማዶ ቀርቷል፣ አልመለስበትም" አለችኝ። "የልጄ መቃብር ከዚህ በፊት በነበርንበት አገር ቀርቷል፣ አልመለስበትም። ይህ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። መንገዱ ሲያልቅ ከዚህም እንሄዳለን። ሄጄ እንኳ በላዩ ጣሪያ እንዳለው፣ ከብት እንደማይረግጠው ላውቅ ነው የምፈልገው። ሌላ አልፈልግም።"

 የኔ ነገር መልስ ከሌለኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሰኔ ገባ። ግድግዳው እስከ ደረት ደረሰ፤ ቄሱ ከዝናቡ በኋላ ይመጣል ተባለና ጣሪያ ለማልበስ ተጣደፉ። በሜዳው ላይ የነበሩት የበጋ ጎጆዎች ሁሉ ተፈቱ። ሰው እንጨቱን እየተሸከመ በጉብታው አጠገብ ሲያልፍ ቆም ይልና ድንጋዩን አይቶ ይሄዳል። ማንም ሰላም አይልም። ወንድሜ መጥረቢያውን ሲስል ይውላል፣ "ለምን ትስላለህ?" ስለው "እንጨት ልቆርጥ" ይለኛል። የሚቆረጥ እንጨት አልነበረም።

ርብ የሞላው በሐምሌ፣ ከጧቱ ነው። እኛ ጋ አልዘነበም፤ ደብረ ታቦር በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሰንብቶ ነበር። እኔ ካምፑ ነበርኩ። ሰው "ውሃ! ውሃ!" ሲል ሰማሁና ቀሚሴን ሰብስቤ በጭቃው ወደ ጉብታው ሮጥኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ነበር፣ ቀይ፣ አረፋ የተሸከመ። ስደርስ ዋናው ግንበኛ ከሽቦው በር ላይ ዲጅኖ ይዞ ቆሟል። ሴትዮዋ ከመቃብሩ አጠገብ ነች። ከሜዳው በኩል ደግሞ ከብቱ ይመጣል፤ የመንደሩ ሁሉ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ፣ እየጮኸ። ከፊት ወንድሜና ጎረምሶቹ፣ መጥረቢያና ዱላ ይዘው። ከኋላ አባቴ፣ የዕለት ጥጃ በትከሻቸው ላይ።

"ክፈት በይው!" አለ ወንድሜ።

"ክፈት ይልሃል።"

"ከመቃብሩ ላይ ከብት አይወጣም በይው። የሚወጣ ካለ እኔን ረግጦ ነው።"

"አይወጣም ይልሃል። የሚወጣ ካለ እኔን ረግጦ ነው ይላል።"

"ጥሩ ነው፣ እሱንም እንረግጠዋለን" አለ ወንድሜ። "ሽቦውን ቆርጬ፣ ግድግዳውን አፍርሼ፣ እሱን ከነዲጅኖው—"

"ሽቦውን ቆርጦ ግድግዳውን አፍርሶ አንተን ከነዲጅኖህ ይረግጥሃል" አልኩት ለግንበኛው። ሰው ኋላ ላይ ለምን አላለዘብሽውም አለኝ። ማለዘብ ምን ይጠቅማል? መጥረቢያውንና ዲጅኖውን ሁለቱም ያያሉ።

ከብቱ ሽቦው ላይ ደረሰና ቆመ። ኋላ ያሉት የፊተኞቹን መግፋት ጀመሩ። አንዲት ጊደር ደረቷ ሽቦው ላይ ተወጋና ጮኸች፣ ደም ወረደ። ጎረምሶቹ ጮኹ። ግንበኛው ዲጅኖውን ከፍ አደረገው።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ መጥታ እጄን ያዘችኝ።  "አባትሽን ጠይቂልኝ" አለችኝ። "ከብቶቹ እዚህ ከቆሙ መቃብሩን ይረግጡታል?"

ጠየቅኩ። አባቴ በውሃው ውስጥ እንደቆሙ፣ ጥጃው አንገታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ አዩዋት። አይረግጡም ቢሉ ምን አለ? በዚያ ሰዓት ማንም ሰው ይል ነበር።

"ይረግጡታል፣ ልጄ" አሉ። "ከብት ምን ያውቃል።"

ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን እንደሰማች ሁሉ። "እናንተ አገር መቃብር ከከብት የሚጠበቀው በምንድን ነው?"

"ድንጋይ ይከመርበታል" አሉ አባቴ። "ከብት በክምር ድንጋይ ላይ አይወጣም፣ እግሩን ይፈራል።"

"ድንጋይ የት አለ?"

  በዚያ ሜዳ ላይ፣ እስከ ጣና ድረስ፣ ድንጋይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም እያየነው ነበር።

ሴትዮዋ እጄን ለቀቀች። ወደ ግድግዳው ሄደች። ከላይ የተደረደረው ድንጋይ ገና ሲሚንቶው አልጠነከረም። በሁለት እጇ አንዱን ነቅንቃ ነቅንቃ አወጣችው፣ በሆዷ ታቅፋ ወሰደችውና በባሏ መቃብር ላይ አስቀመጠችው። ዋናው ግንበኛ ጮኸባት። በቋንቋቸው መለሰችለት፣ አጭር ነገር ነው። ምን እንዳለችው አላውቅም፣ በኋላም አልጠየቅኳትም። እሱ ግን ዲጅኖውን ዝቅ አደረገው። ሁለተኛውን ድንጋይ ስታወጣ፣ ሦስተኛውን ስታወጣ እንዲሁ ያያት ነበር። ከዚያ ከቀበቶው ፒንሳ አወጣና ራሱ ሽቦውን መቁረጥ ጀመረ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለኝ ወንድሜ።

"አታይም? እየከፈተልህ ነው።"

"እሷስ?"

"ግድግዳውን እያፈረሰች ነው። አፈርሳለሁ ስትል አልነበር? ና አፍርስ እንግዲህ!"

ወንድሜ መጥረቢያውን ይዞ ገባ። በመጥረቢያው ምን እንደሚያደርግ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሴትዮዋ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዛ አቃታት፤ ከእጇ ላይ ወሰደው። መጥረቢያውን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ሌሎቹ ጎረምሶችም ገቡ፣ ግንበኞቹም ከካምፑ እየሮጡ ደረሱ። ያን ግድግዳ ያፈረሱት የሠሩትና ሊያፈርሱት የመጡት አንድ ላይ ሆነው ነው። ቋንቋ የለም፣ "በል!" "ያዝ!" "እግርህን!" ብቻ ነው፤ እኔም ሥራ ፈት ሆኜ ድንጋይ ተሸከምኩ። ከብቱ በቆረጡት በኩል እየገፋ ገባና ከበበን። ግንበኛው ዲጅኖውን ለመሠረቱ ድንጋይ ተጠቀመበት። ክምሩ ከወገብ በላይ ሲሆን መስቀሉን ከላዩ ላይ ተከሉት።

አባቴ ጥጃውን አውርደው ከክምሩ ጎን፣ ነፋስ በማያገኘው በኩል አቆሙት። ሴትዮዋን ቀና ብለው አዩዋትና አንገታቸውን ደፉ። እሷም ደፋች። ውሃው እስኪጎድል ከብቱ እዚያ ቆመ፤ የተወጋችውም ጊደር ዳነች። በክምሩ ላይ አንድም ኮቴ አላረፈም። ሴትዮዋ ሣር ስናመጣ በታንኳው እየመጣች ራሷ አየች።

ክረምቱ ሲወጣ ቄሳቸው ከአስመራ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ይባረካል ተብሎ የመጣ ሰው ክምር ድንጋይና የላም እበት ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም። ዋናው ግንበኛ ግን ቀድሞ አስቦበት ነበር። አባቴን "እናንተ ጎጆውን እንዴት ነው የምትተክሉት?" ብሎ አስጠይቋቸዋል። ወንድሜ ነው ያሳየው፤ እየተሳደበ፣ ቱንቢ ይዞ ለጎጆ የሚመጣ ሰው አይቶ እንደማያውቅ እየነገረው። "በይው፣ ይኸ ድልድይ አይደለም! ትንሽ ቢጣመም ማን ያየዋል?"

"እግዚአብሔር ያየዋል ይላል" አልኩት።

"እንግዲያ ያስተካክለው" አለ ወንድሜ።

ከክምሩ አጠገብ ተተከለ፤ እንጨትና ሰንበሌጥ፣ ልክ እንደኛ። በመሐሉ የመስቀል ምልክት የተቀረጸበት አንድ ምሰሶ ነበራቸው፤ እሱ ብቻ ነው ከኛ የሚለየው። ቄሱ ጎንበስ ብሎ ገባና እዚያ ውስጥ ጸለየላቸው። ያን በጋ ሁሉ በየእሑዱ ዘፈን የመሰለ ጸሎታቸው ከሜዳው ላይ ይሰማ ነበር። ሰው ይሰማል፣ ያጉረመርማል፣ ከብቱን ይነዳል። ፍቅር ሆነ አልልም። ገበያ ላይ ዛሬም ስሜን የሚያነሡ አሉ።

ሰኔ ሲደርስ ሴትዮዋ ቤታችን መጣች። አባቴን በኔ በኩል "መቼ ነው የሚፈታው?" አለቻቸው።

አባቴ ከደጅ ወጥተው ደብረ ታቦር በኩል አዩ። "በዚህ ሳምንት" አሉ።

ራሷ ማሰሪያውን ፈታችው። ካምፑ ውስጥ እንጨቱን ማስቀመጫ አልነበረም፤ ድንኳን ነው፣ ጭስ የለውም። አባቴ "እኛ ዘንድ ይሁን" አሉ። ወንድሜ "በል እንግዲህ! አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን ልንቀልብ ነው" እያለ ተሸክሞ አመጣውና ከጣሪያው ሥር፣ ከኛ የበጋ ጎጆ እንጨት አጠገብ ሰቀለው።

የነፍስ አባታችን በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲበረታባቸው፣ ያን ዕለት ጠላውን ሳይነኩ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገቡ። ጋቢያቸውን አራግፈው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸው። ሊጠጡ ቀና ሲሉ እንጨቱን አዩ። መስቀሉ የተቀረጸበት ምሰሶ ልክ ከራሳቸው በላይ ነበር።  ወንድሜ እኔን አየኝ፣ እኔ አባቴን አየሁ። ደግሞ ይኸን ቤት ለቀው ይሄዳሉ፣ አባቴም ያለ ነፍስ አባት ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አባቴ በዓይናቸው አስቆሙኝ።

"ይኸ የማን እንጨት ነው?" አሉ አባ።

"የበጋ ጎጆ ነው፣ አባ" አሉ አባቴ።

አባ ምሰሶውን ረዘም አድርገው አዩት። ጥርቡን በዓይናቸው ተከተሉት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ከዚያ ጠላውን አንሥተው ጠጡ።

"በጣም ወደ ግድግዳው ሰቅላችሁታል" አሉ። "ወደ ምድጃው አምጡት። ጭስ ካልደረሰው ይነቅዛል።"

ወንድሜ ተነሣና አዛወረው።